የአንጎል ጉዳትና የደም ምስክርነት

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙባት በካርቱም ከተማ እ.ኤ.አ. አፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ፣ ጥይትና ፍንዳታ ብዙ ሰላማዊ ነዋሪዎችን ለጽኑ ጉዳት ዳርጓል። ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን የሳተ ሰው ሐኪም ቤት ሲደርስ የተጎዳው አንጎሉ ብቻ እንደሆነ መቁጠር የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳቱ ከራስ ቅል አልፎ መላ ሰውነትን እንደሚያዳርስ የሕክምና ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል።

የደም ሥሮቻችን ውስጣዊ ገበር እጅግ ስስ የሆነ የሕዋሳት ንጣፍ ነው። ተግባሩም ደም ያለ አስፈላጊነቱ እንዳይረጋ፣ ፈሳሹም ወደ ውጭ እንዳይሰርግ መጠበቅ ነው። አንጎል በጽኑ ሲጎዳ አድሬናሊንና መሰል ሆርሞኖች በብዛት ይለቀቃሉ፤ ገበሩም ይጎዳል፣ ይላጣል። በዚህ ጊዜ ከገበሩ ጋር ተጣብቀው የሚኖሩት ሲንዴካንና ትሮምቦሞዱሊን የተባሉ ፕሮቲኖች ተላቀው በደም ውስጥ ይበረክታሉ። መጠናቸው ከፍ ባለባቸው ሕሙማን ላይ የሞት አደጋም ከፍ ብሎ ታይቷል።

ደም የሚመሰክረውን ለመስማት ግን ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል። ካርቱም በዚህ ረገድ እንግዳ አይደለችም። በሄንሪ ዌልካም ስጦታ የተቋቋመውና በአንድሩ ባልፎር ይመራ የነበረው የሐሩር በሽታዎች ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1903 ሥራ የጀመረው በዚህችው ከተማ ነበር። ጦርነቱ በተጀመረ በ10ኛው ቀን ግን የሀገሪቱ ማዕከላዊ የሕዝብ ጤና ቤተ ሙከራ ከተዋጊዎቹ በአንደኛው ወገን እጅ መውደቁንና ባለሙያዎቹም መባረራቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታወቀ። መብራት በመቋረጡም የተከማቸው ደም ለብልሽት ተጋልጦ ነበር። እንግዲህ ጦርነቱ ሰውን ከማቁሰሉም በላይ የቁስሉን ጥልቀት መመርመሪያውንም ነጥቆታል ማለት ነው።

ይህ የደም ምርመራ በአብዛኛው ገና ከምርምር አልፎ የዘወትር ሕክምና መመሪያ አልሆነም። እስከዚያው ያለ እርሱም ሕይወት ማዳን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነውና በ29 አገሮች 12,737 ሕሙማንን ባካተተው ጥናት፣ ደም እንዳይፈስ የሚረዳው ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው ርካሽ መድኃኒት ጉዳት በደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ፣ ቀላልና መካከለኛ የጭንቅላት ጉዳት የደረሰባቸውን ሕሙማን ሞት መቀነሱ ታውቋል። ጽኑ ጉዳት በደረሰባቸው ላይ ግን ግልጽ ጥቅም አልታየበትም። ስለ እነርሱ ዋናው ጥንቃቄ የአየር እጥረት እንዳይደርስባቸውና የደም ግፊታቸው እንዳያሽቆለቁል መከላከል ነው።

ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ግን መንገዱ ሲከፈት፣ ሐኪም ቤቱ ሲከበር፣ መብራቱም ሲበራ ነው። የቆሰለውን ለማዳን በቅድሚያ የሚያድኑትን መጠበቅ ያሻል።