ስለ ከብት ሳንባ በሽታ መድኀኒትና መድኀኒቱ ስለሚያስከትለው ጕዳት

ባላገሩ «ሳንባ» ብሎ የሚጠራው የከብት በሽታ ከታመመው ወደ ጤነኛው የሚተላለፈው በትንፋሽ ስለ ሆነ፥ ከብቶች ሌሊት በአንድ በረት ሲታጐሩ፥ ቀን በአንድ ውሃ ሲገናኙ ይዛመታል። የታመመው ከብት ትኵሳት ይይዘዋል፥ ማመንዠኩን ይተዋል፥ አንገቱን ዘርግቶ የፊት እግሮቹን አራርቆ ያቃስታል፥ ይስላልም። አንዳንዱ ግን በሽታው ከገባበት በኋላ ሳምንታት፥ አልፎም ወራት ሳይታወቅበት ይቈያል። ሁለት በሬ ብቻ ያለው ገበሬ አንዱ ሲያቃስት ባየ ጊዜ ከገበያ መርፌ ገዝቶ ቢያስወጋው አይፈረድበትም፤ ሹማምንት ግን ይህ መርፌ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚያበላሽ ሊያውቁ ይገባል።

በሽታውን የሚያመጣው ማይኮፕላዝማ የተባለ ረቂቅ ተሐዋሲ ነው። ይህ ተሐዋሲ እንደ ሌሎቹ ሰውነቱን የሚከብ ግድግዳ የለውም። ፔኒሲሊን ደግሞ የሚገድለው ተሐዋሲው ግድግዳውን እንዳይሠራ በመከልከል ነውና፥ ለዚህ በሽታ ፔኒሲሊን የሚሸጥ ሰው የሸጠው ከውሃ አይሻልም።

ኦክሲቴትራሳይክሊንና ታይሎሲን ግን በተሐዋሲው ላይ ይሠራሉ። በአንድ ሚሊ ሊትር 200 ሚሊ ግራም ያለውና በሰውነት ውስጥ ብዙ የሚቈየው ኦክሲቴትራሳይክሊን፥ ለየ10 ኪሎ የከብት ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ 250 ኪሎ ለሚመዝን በሬ 25 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ስፍራ የተወጋ እንደ ሆነ ሥጋውን ያቈስላል፥ ያሳብጣልም፤ ስለዚህ በአንድ ስፍራ ከ10 ሚሊ ሊትር ሳይበልጥ በሦስት ስፍራ ተከፍሎ ይወጋል። ኦክሲቴትራሳይክሊን በደም ሥር በችኰላ ቢሰጥ ከብቱ ወዲያው ሊወድቅ ይችላል። ደግሞም መድኀኒቱ በወተትና በሥጋ ውስጥ ስለሚቀር፥ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ ወተቱ አይጠጣም፥ ሥጋውም አይበላም። አንዲት ላም ብቻ ላለችው ቤት ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም፤ ምክንያቱን ያልሰማ ሰውም አይፈጽመውም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ጕዳት ግን በዐይን አይታይም። መርፌ የተወጋው ከብት ትኵሳቱ ይበርዳል፥ ይበላል፥ ይወፍራልም። ሆኖም የታመመው የሳንባ ክፍል ሞቶ በሽፋን ተከቦ ከውስጥ ሊቀር ይችላል፤ በዚያም ሽፋን ውስጥ ተሐዋሲው በሕይወት ይቈያል። ባለቤቱ ዳነልኝ ብሎ የሸጠው በሬ ወደ ሌላ ወረዳ በሽታውን ይዞ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ዋነኛው መከላከያ ክትባት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1852 ዓ.ም. ሉዊ ዊሌምስ የተባለ የቤልጅግ ሐኪም ከታመመ ከብት ሳንባ ፈሳሽ ወስዶ በጤነኛው ጅራት ጫፍ ላይ መክተብ ከበሽታው እንደሚጠብቅ አስታወቀ፤ የአንዳንዶቹ ከብቶች ጅራት ግን አብጦ ይቈረጥ ነበር። ዛሬ በቢሾፍቱ የሚዘጋጀው ቲ 1/44 የተባለው ክትባት ከዚያ እጅግ የለዘበ ነው፤ ቢሆንም ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ በአንዳንድ ከብት ላይ የተወጋበት ስፍራ ያብጣል። እብጠቱ የበረታበትን ከብት ሐኪም በኦክሲቴትራሳይክሊን ያክመዋል። ይህ አስቀድሞ ያልተነገረው ሕዝብ «ክትባቱ ከብታችንን አሳመመ» ብሎ በሚቀጥለው ዓመት ከብቱን ወደ ጫካ ይነዳል። ክትባቱ የሚጠብቀው ግን አንድ ዓመት ያህል ነውና በየዓመቱ መደገም አለበት።

ቀድሞ ይህ ክትባት «ደስታ» ከተባለው የከብት ዕልቂት ክትባት ጋር አብሮ ይሰጥ ነበር። የደስታ ክትባት ሲቆም የሳንባውም ተቀነሰ፥ በሽታውም በረታ። ደስታ ከዓለም መጥፋቱ በ2011 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ታውጇል፤ ሳንባ ግን አለ።

ክትባቱ ሕያው ስለ ሆነ ለበሽታው የሚሰጠው መድኀኒት ክትባቱንም ይገድለዋል። ስለዚህ ከክትባቱ ቀን በፊት ሹሙ በየመንደሩ ሰሞኑን መርፌ የተወጋ ከብት እንዳለ ይጠይቅ፤ የተገኘውም መድኀኒቱ ከሰውነቱ እስኪወጣ ተጽፎ ለሌላ ቀን ይቈይ። መርፌውና ሲሪንጁም በፈላ ውሃ ተቀቅለው ከቀዘቀዙ በኋላ ይሠራባቸው እንጂ በአልኮል አይታጠቡ፤ አልኮሉም ክትባቱን ይገድላልና።