ድሬዳዋን ማን ይቁጠራት?

የድሬዳዋን ሕዝብ ብዛት ለሚጠይቅ ሰው በቆጠራ የተረጋገጠ መልስ የሚሰጠው ሰነድ ግንቦት 1999 ዓ.ም. ላይ ቆሟል። ያኔ በከተማ አስተዳደሩ 341,834 ሰው ተመዘገበ። 233,224ቱ የከተማዋ ነዋሪ፣ ቀሪው የዙሪያዋ ገጠር ቀበሌዎች ሕዝብ ነበር። በ1987ቱ ቆጠራ ከተማዋ 164,851 ነዋሪ ብቻ ስለነበራት፣ በመካከሉ ከአርባ በመቶ በላይ አድጋለች ማለት ነው። የጨመረው ሰው የት ገባ? ከፊሉ እንደ ደቻቱ ባሉ አሸዋማ ወንዞች ዳር ጎጆውን ቀለሰ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊቱን የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው የገደለውም እዚያው ነው።

ከዚያ ወዲህ የሚነገረው አኃዝ ሁሉ ትንበያ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄድ ይላል። አራተኛው ግን በ2010 ዓ.ም. መካሄድ ሲገባው ተገፋ፤ በሰኔ 2011ም ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች እንደገና አራዘሙት።

ለሌላው ከተማ የቆጠራው መዘግየት የውሃና የትምህርት ቤት ዕቅድ ጉዳይ ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን ነገሩ ሥልጣንን ይነካል። ኦሮሚያና ሶማሌ ሁለቱም የይገባኛል ጥያቄ ስላነሱባት ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ሆነ፤ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተር ተሰጣት። የአስተዳደሩ ወንበር ደግሞ 40 ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌሎች እየተባለ ሲከፋፈል ኖረ። የ1999ኙ ቆጠራ ግን ኦሮሞ 46፣ ሶማሌ 24፣ አማራ 20 በመቶ ገደማ ነው ይላል። ቀመሩና ቆጠራው አይገጥሙም። ጥር 2011 ላይ የከተማዋ ወጣቶች አደባባይ ወጥተው 40-40-20 ይቅር ሲሉ ይህን ያውቁ ነበር። እንዲህ ባለ ከተማ ቆጠራው ሲዘገይ ቅር የማይላቸው ሰዎች ቢኖሩ አልገረምም።

የኢኮኖሚው መዝገብ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በታኅሣሥ 1895 እዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ወጪው ስለከበደ ሜዳው ላይ ቀረ። የባቡር ኩባንያው በገንዘብ እጦት ሲንገዳገድ መስመሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ግንባታው ከዚህ ወዲያ እስኪቀጥል ድረስ የመጨረሻው ጣቢያ ድሬ ነበረች፤ ዕቃ የሚራገፈው፣ የሚጫነው፣ የሚሸጠውም እዚሁ ነበር። ከደቻቱ ማዶ ለማዶ በመስመር የተተከለው ከዚራና የንግዱ መንደር መጋላ የተፈጠሩት ያኔ ነው። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመናዊው፣ ሕንዱ ሱቅ ከፈተ። ኋላ ሲሚንቶውና ጨርቃ ጨርቁ ተጨመሩ።

ፋብሪካው ግን የከተማዋን ሁሉ ቤት አላበላም። ብዙውን ያበላው የጅቡቲ ወደብ ነው፤ በሐዲድም፣ ያለ ሐዲድም። በታይዋን ገበያ ስልክና ቴሌቪዥን፣ በሌሎቹ ሰልባጅ፣ ሩዝ፣ የዱቄት ወተት፣ ዘይት ሲሸጥ ኖሯል። የዚህ ሁሉ ዕቃ ኬላ ያላየው ስንቱ እንደሆነ ጠይቆ ያልተሳቀበት እንግዳ የለም። በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ኮንትሮባንድ ወንጀል ነው፤ ፖሊስም በወንጀልነት ይመዘግበዋል። ያንኑ ዕቃ ግን እናት የልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ አድርጋ ትቆጥረዋለች። በዚህ ከተማ የወንጀል ቁጥር ጨመረ ሲባል ወንጀሉ ይብዛ ወይስ ፍተሻው ይጥበቅ መጠየቅ ግድ ነው። ስርቆትና ድብድብ እንደየትም ከተማ አለ። የድሬ ልዩ ነገር ግን አንዱ ሥራ በሁለት መዝገብ፣ በሁለት ስም መግባቱ ነው።

አሮጌው ባቡር ሲቆም በእሱ እየተሳፈሩ ሲነግዱ የነበሩ ሴቶች ወደ አውቶቡስና ወደ ጭነት መኪና ዞሩ። በመስከረም 2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማ ውጭ ነው። እንደ ድሮው ከአሮጌው ጣቢያ ከለገሃር ወርዶ ዕቃውን በቀጥታ መጋላ የሚያደርስ መንገደኛ የለም።

በነሐሴ 2014 መንግሥት የመጀመሪያውን ነፃ የንግድ ቀጠና ድሬዳዋ ላይ አስመረቀ። ቀረጥ ሳይከፈል ዕቃ ማስገባት፣ ማከማቸት፣ ማቀነባበር በሕግ የተፈቀደበት ቅጥር ግቢ ነው። ከተማዋ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረችበት ሙያ አሁን አጥርና ፈቃድ ኖረው። ፈቃዱ ግን የሚሰጠው ካፒታል ላለው ድርጅት ነው፤ በማዳበሪያ ሙሉ ሰልባጅ የምትነግደዋ ሴት ጉዳይ አሁንም ያለው ኬላው ላይ ነው።