ጽርፈት በዳኛ ፊት

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ተነሥቶ በየካ ሚካኤልና በላምበረት በኩል እስከ ኮተቤ በሚዘረጋው የከተማችን ሰሜን ምሥራቅ፣ በንጋት ኪዳን የሚያደርሰው ካህን ድምፅና ለፈጅር ሶላት የሚጠራው ሙአዚን አዛን ባንድ ሰማይ ሥር ሲገናኙ መስማት ለነዋሪው የዘወትር ነገር ነው። ወንጌላዊው በጸሎት ቤቱ ሲዘምር ጎረቤቱ ታቦት ሊያነግሥ ይወጣል፤ ሌላው ለጁምዓ ይሰናዳል፤ ሦስቱም በአንድ እድር መዝገብ ተጽፈው፣ በአንድ የለቅሶ ድንኳን ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። ይህ አብሮ መኖር ግን በፈቃድና በይሉኝታ ብቻ የቆመ እንዳይመስለን፣ አንደኛው የሌላውን ቅዱስ ነገር ባደባባይ ቢደፍር ነገሩ በማን ፊት ቀርቦ በምን እንደሚዳኝ የሚደነግግ ሕግ በመካከላቸው ተተክሏል፤ ነዋሪው ሕጉን እምብዛም አያውቀውምና እኔም ዛሬ ላስተዋውቀው ወድጃለሁ።

ሕጉ በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ሲሆን፣ ነገራችንን የሚመለከተው በተለይ አንቀጽ 492 ነው። በግልጽ፣ ማለት በሕዝብ ፊት፣ የተፈቀደ የሃይማኖት ሥርዓት እንዳይፈጸም የከለከለ፣ ያወከ ወይም ያፌዘ፣ እንዲሁም ለአምልኮ የሚያገለግለውን ቦታ፣ ሥዕል ወይም ንዋይ ያረከሰ ሰው፣ ከ1,000 ብር በማይበልጥ መቀጮ ወይም ከሁለት ዓመት በማይበልጥ እስራት እንዲቀጣ ያዝዛል። በአፍ ወይም በአኳኋን የሚሰነዘረውን ጽርፈት፣ ማለት አምላክን፣ የእምነት ምልክትን ወይም የሃይማኖት አባትን ባደባባይ መዝለፍን፣ ያው ሕግ ወደ ኋላ ገፍቶ በአንቀጽ 816 ከደንብ መተላለፍ ጋር አኑሮታል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ድንጋጌ የኦርቶዶክሱን፣ የሙስሊሙን፣ የካቶሊኩንና የወንጌላዊውን ሥርዓት ሳይለይ በእኩል የሚጠብቅ መሆኑ ነው። የቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ነድፈውት በ1949 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በሕገ መንግሥቱ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ዛሬ ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት መንግሥትና ሃይማኖት ተለያይተዋል።

ቅጣቱ ለምን እንዲህ ቀለለ ብሎ የሚያዝን ምእመን ይኖራል፤ ሐዘኑም ከፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባውም። ዳሩ ግን የዚህ ሕግ ቁም ነገር ከቅጣቱ መጠን ይልቅ በመንገዱ ላይ ነው። በየካ ክፍለ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ቢነሣ አቤቱታው ለፖሊስ ቀርቦ ቃል ይጻፋል፣ ምስክር ይሰማል፣ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን መርምሮ የሚያስከስስ ሆኖ ካገኘው ወደ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የየካ ምድብ ችሎት ያቀርበዋል፤ እዚያም ተከሳሹ «አላደረግሁም» ለማለት አፉ ክፍት፣ ለማስረዳትም ጊዜው ሰፊ ይሆናል። ጽርፈት ከሌሎች ወንጀሎች ሁሉ ይልቅ ይህን መንገድ የሚሻበት ምክንያት አለው፤ የሌባ እጅ የሰረቀውን ይዞ ይገኛል፣ የገዳይም ሥራ በሬሳው ይታወቃል፣ ተሳደበ የተባለ ሰው ግን ከተናገረው ቃል በቀር ምልክት የለውም፣ ቃሉንም ከሰሚ ወደ ሰሚ ባለፈ ቁጥር የተቀባዩ ቁጣ ይጨምርበታል።

ቀዳሜ ሰማዕት የምንለው ቅዱስ እስጢፋኖስ በምን እንደ ሞተ በየዓመቱ በበዓሉ ቀን ይነበባል፤ በሙሴና በእግዚአብሔር ላይ ጽርፈት ተናገረ ብለው ሐሰተኛ ምስክር አቆሙበት፣ ሸንጎውም ፍርዱን ሳይሰጥ ጆሮውን ደፍኖ በአንድነት ተነሣና ከከተማ አውጥቶ በድንጋይ ወገረው። ይህን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚሰማ ክርስቲያን ከወጋሪዎቹ ወገን ሆኖ ቢገኝ ከማንም ይልቅ የሚያሳዝን ነው፤ በአገራችንም ሆኗል። በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል አንሰግድም ብለዋል ተብለው የተከሰሱት መነኮሳት ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ ከእስራትና ከግርፋት ጋር በድንጋይ እስከ መወገር ደረሱ። ውግረቱ በተፈጸመ በ38ኛው ቀን በሰማይ ታየ የተባለውን ብርሃን ንጉሡ የእግዚአብሔር ፈቃድ ምልክት አድርገው ቤተ ክርስቲያን አሠሩበት፤ የዛሬዪቱ ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችውም ከዚሁ ነው። ንጉሡ የመጻሕፍት ደራሲና የሥርዓት አባት መሆናቸውን የማያከብር የለም፤ የእነዚያ መነኮሳት ደም ግን ከድርሳናቱ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባዋል።

ከዚህ ስምንት መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ ግን የአክሱሙ ንጉሥ ነጃሺ ተመሳሳይ ክስ ቀርቦላቸው ሌላ ፍርድ ሰጥተው ነበር። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ በ7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከመካ ተሰደው በአገራችን የተጠጉትን የነቢዩ ሙሐመድን ተከታዮች ለማስመለስ የቁረይሽ መልእክተኞች ገጸ በረከት ይዘው መጡ፤ የመጀመሪያው ልመናቸው ባይሰምር በማግስቱ ተመልሰው፣ እነዚህ ሰዎች ስለ መርየም ልጅ ስለ ዒሳ ከባድ ቃል ይናገራሉ ሲሉ ከሰሱ። ክሱ ለክርስቲያን ንጉሥ ጆሮ በተለይ የተመረጠ የጽርፈት ክስ ነበር። ነጃሺ ግን ተከሳሾቹን አስጠርተው የሚሉትን ከራሳቸው አፍ ሰሙ፤ ከመካከላቸው ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብም እምነታቸውን ሳይሸሽግ ተናገረ። ንጉሡ ከምድር በትር አንሥተው፣ በሁለታችን መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ በትር አይበልጥም ባሉ ጊዜ በዙሪያቸው የተቀመጡት መኳንንት በቅሬታ አጉረመረሙ፤ ንጉሡ ግን ቢያጉረመርሙም ፍርዳቸውን አላጠፉም፣ ገጸ በረከቱንም መለሱ፣ ስደተኞቹንም በሰላም አኖሩ። በዚህ ታሪክ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የመኳንንቱ ማጉረምረም ነው፤ ዳኛ የሚፈተነው ተከሳሹ ባዕድ፣ የተቆጣው ደግሞ የገዛ ወገኑ በሆነበት ሰዓት ነውና።

ተራው ሕዝብም ቢሆን ቁጣን ወደ ዳኛ የሚመራበት ልማድ ነበረው። በመንገድ የተጣሉ ሁለት ሰዎች አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው እጁን ይሰበስባል፤ አላፊ አግዳሚውን አቁመው የመንገድ ዳኛ ያደርጉታል፤ እርሱም ካልቆረጠላቸው ኩታቸውን በኩታ አቋጥረው፣ ከሳሽና ተከሳሽ ጎን ለጎን፣ ወደ ሹሙ ይሄዳሉ። ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደ ሆነ ደግሞ አገሩ በአውጫጭ ተሰብስቦ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገር ነበር። የተሰበሰበ ሕዝብ ሁሉ ሁከተኛ እንዳልሆነ፣ ስብስቡም ሥርዓትና ሰብሳቢ ካለው የፍትሕ መሣሪያ እንደሚሆን ከዚህ ይታያል።

ቅጣት ቢከብድ ሕዝቡ ያርፋል የሚለውን አሳብ ለመመርመር ወደ ፓኪስታን መመልከት ይበጃል። የዚያ አገር ሕግ መነሻው እንግሊዞች ለሕንድ በ1860 እ.ኤ.አ. ያወጡት የወንጀል ሕግ ነው፤ የአምልኮ ቦታን ላረከሰ የደነገገውም ቅጣት እንደኛው እስከ ሁለት ዓመት እስራት ነበር፣ በ1927 የተጨመረው የሃይማኖት ስድብ አንቀጽም ሲወጣ ከዚያ አላለፈም። በጄኔራል ዚያ ኡል ሐቅ ዘመን ግን በ1982 ቁርኣንን ለሚያረክስ የዕድሜ ልክ እስራት፣ በ1986 ነቢዩን ለሚሳደብ የሞት ቅጣት ተደነገገ። ከዚያ በፊት በጣት ይቆጠር የነበረው ክስ ከዚያ ወዲህ ከሺህ በላይ ሆነ፤ መንግሥቱ ራሱ በዚህ አንቀጽ አንድም ሰው አንቆ ሳይገድል ብዙዎች ግን በሕዝብ እጅ አለቁ። እስያ ቢቢ የምትባለው ክርስቲያን ገበሬ ከጎረቤቶቿ ጋር በውኃ ተጣልታ በተነሣ ክስ ሞት ተፈርዶባት ስምንት ዓመት ያህል ከታሰረች በኋላ በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በነጻ አሰናበታት፤ ስለ እርሷ የተናገሩት የፑንጃብ አገረ ገዥ ሳልማን ታሲር ግን በጃንዋሪ 2011 በገዛ ጠባቂያቸው ጥይት ሞተው ነበር፣ የአናሳዎች ጉዳይ ሚኒስትሩ ሻህባዝ ባቲም በማርች ተከተሏቸው። ሕግ ስለ አንድ ቃል ሞት ይገባል ብሎ ካወጀ፣ ቁጡው ሰው የዳኛውን መዘግየት እንደ ክህደት ቈጥሮ ራሱን የፍርዱ ፈጻሚ ያደርጋል፤ ዳኛውም ነጻ ለማውጣት ነፍሱን ይፈራል።

ሚኒስትሩ በተገደሉበት በዚያው ሰሞን፣ በእኛ አቈጣጠር በየካቲት 2003 ዓ.ም.፣ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በጅማ ዞን በአሰንዳቦ ከተማ ቁርኣን ተዋረደ የሚል ወሬ ተነዛ። ወሬውን የሰማው ሕዝብ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሳይሆን ወደ ወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ሄደ፤ እሳቱ ከመንደር ወደ መንደር ተሻግሮ ከ50 የሚበልጡ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ሰው ሞተ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ መንግሥት ኃይል ልኮ ከ100 በላይ ተጠርጣሪዎችን ያሰረው ከቃጠሎው በኋላ ነው። ክርስቲያኑ ይህን ሲያነብ ራሱን ንጹሕ አድርጎ እንዳይቀመጥ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም በሞጣ ከተማ የሆነውን ያስታውስ፤ በቤተ ክርስቲያን ላይ የታየውን እሳት ሙስሊሞች ለኮሱት በተባለው ወሬ የተነሣ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ነደዱ። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ደግሞ በጎንደር የአንድ የሙስሊም ሊቅ ቀብር በሚፈጸምበት፣ ከቤተ ክርስቲያን በሚዋሰን መካነ መቃብር፣ ስለ ድንጋይ የተጀመረው ጠብ ከ20 የሚበልጡ ሰዎችን ፈጀ፤ በቀናት ውስጥም በስልጤዋ በወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ የጎንደሩን ሟች የማያውቅ ሰው የጎንደሩን ገዳይ በማያውቅ ሰው ላይ ተበቀለ።

በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች አንቀጽ 492 በሥራ ላይ ነበረ። የጎደለው ከወሬውና ከእሳቱ መካከል ባሉት ጥቂት ሰዓታት ከሕዝቡ ፊት የሚቆም፣ «ተደረገ የተባለው የት፣ መቼ፣ ማን ያየው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ከሞጣው ቃጠሎ ሦስት ወር በኋላ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የታወጀው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185 ወሬ ነዢውን ለመያዝ የታሰበ ነው፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰም ቅጣቱን እስከ አምስት ዓመት እስራት ያደርሰዋል። ሆኖም ከአዋጁ ይልቅ በዚያች ሰዓት የሚፈጥነው የሰፈሩ ቄስ፣ የመስጊዱ ኢማም፣ የእድሩ ዳኛ ነው፤ የገዛ ወገኑን ቁጣ ለማብረድ የሚችልም እርሱ ነው፤ ስለዚህ ይህን ሕግ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅና ለምእመኑ ማስተማር የሚገባው እርሱ ይመስለኛል።

ከእንጦጦ ሥር በዚህችው ከተማ የታየው የኦነሲሞስ ነሲብ ነገር ዳኛ መኖሩ ምን እንደሚያተርፍ ያሳያል። በልጅነታቸው ለባርነት ተሽጠው ነጻ የወጡት፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመው በ1899 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት እኚህ ሊቅ ወደ ወለጋ ተመልሰው ሲያስተምሩ፣ የአካባቢው ካህናት እመቤታችንን ሰድበዋል ብለው ከሰሷቸውና በግንቦት 1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። ጳጳሱ ከአገር ይውጡ ብለው ፈረዱ። ነገሩ ግን ወደ ዐፄ ምኒልክ ደረሰ፤ በእንጦጦ ማርያም ጳጳሱ ራሳቸው ዘውድ ከደፉላቸው 17 ዓመት ያህል ሆኗቸው የነበሩት ንጉሥ የጳጳሱን ፍርድ አሻሽለው፣ ኦነሲሞስ ወደ ነቀምት ተመልሰው በሰላም እንዲኖሩ፣ ነገር ግን እንዳያስተምሩ አዘዙ። ፍርዱ ሙሉ አልነበረም፤ መምህርን ከማስተማር መከልከል ከባድ ቅጣት ነው፣ እኔም ትክክል ነበር ለማለት አልደፍርም። ቢሆንም ተከሳሹ ከነሕይወታቸው ስለ ተመለሱ የጎደለውን በሌላ ፍርድ ለመሙላት ጊዜ ተገኘ፤ ልጅ ኢያሱ በ1908 ዓ.ም. የማስተማር ፈቃድ በደብዳቤ ሰጧቸው፣ እርሳቸውም በነቀምት እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ሰኔ 1923 ዓ.ም. ድረስ፣ አስተማሩ።