ኪራይ ሲጨምር ቴኳንዶው የት ይሄዳል?

አመሻሽ ላይ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ወደ አቃቂ፣ አለፍ ብላችሁም ወደ ገላን ኮንዶሚኒየምና ቱሉ ዲምቱ ብትዘልቁ፣ የሆነ ቦታ ላይ በኮሪያ ቋንቋ የሚቆጥሩ ልጆች መስማታችሁ አይቀርም። «ሃና፣ ዱል፣ ሴት፣ ኔት...»። ኮሪያ የት እንዳለች በካርታ አሳይ ቢባል የሚቸገር የሰባት ዓመት ልጅ፣ እስከ አስር ሲቆጥር አንዲት አይስትም። አንዳንዱ አዳራሽ ድሮ መጋዘን የነበረ ነው፤ አንዳንዱ ከዳቦ ቤት በላይ ያለ ፎቅ፤ አንዳንዱ ደግሞ የኮንዶሚኒየም የጋራ መገልገያ ቤት፣ ሰፈርተኛው «ኮሚናል» የሚለው። እዚያ ለቅሶ ካለ ለቅሶው ይቀድማል፣ ቴኳንዶው ወደ ሜዳ ይወጣል።

ወላጆቻችን ይሄን ሁሉ በአንድ ስም «ካራቴ» ይሉታል። አይፈረድባቸውም፤ በቪዲዮ ቤት ዘመን ብሩስ ሊም፣ ጃኪ ቻንም፣ ቫን ዳምም ካራቴ ነበሩ።

ስለ ማርሻል አርት ሲወራ የሚነሳው ሁልጊዜ ጽናት ነው። በበሩ ላይ ያለው ፖስተርም ይሄንኑ ይናገራል፦ ማስተሩ አየር ላይ ነው፣ እግሩ ከጭንቅላቱ በላይ ነው። እኔን ግን ያን ፖስተር ባየሁ ቁጥር የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ኢኮኖሚክስ መማር እንዲህ ያደርጋል መሰለኝ። ይሄ ሰውዬ ወር በገባ ቁጥር ኪራዩን ከየት ያመጣል?

እስቲ በምሳሌ እናስላው። ቁጥሮቹ የኔ ግምት ናቸው፤ እንደየሰፈሩ ይለያያሉ። 40 ተማሪ በወር 500 ብር ቢከፍል 20,000 ብር ነው። የአዳራሹ ኪራይ 12,000 ይሁን። መብራትና ውሃውን ለጊዜው እንተወውና ለማስተሩ 8,000 ብር ይተርፈዋል። አሁን 10 ልጆች ቀሩ እንበል። ገቢው 15,000 ሆነ፤ ኪራዩ ግን ንቅንቅ አላለም። ለማስተሩ የተረፈው 3,000 ብር ብቻ። ከተማሪው የቀረው ሩቡ ነው፣ ከማስተሩ ኪስ የወጣው ግን ከ60 በመቶ በላይ። አከራዩ በዚያው ወር 3,000 ብር ቢጨምር ማስተሩ በነፃ እየሠራ ነው ማለት ነው። ክፍል ውስጥ «ቋሚ ወጪ» እያሉ ሲያስተምሩን እንዲህ ጉሮሮ የሚያንቅ ነገር መሆኑን ማንም አልነገረን።

«ታዲያ ክፍያውን ይጨምራ!» ትሉ ይሆናል። ይጨምር። መጀመሪያ የሚቀሩት ግን ሁለትና ሦስት ልጅ የሚልኩ ቤተሰቦች ናቸው፤ አንድ ቤት ሲወስን በአንድ ቀን ሦስት ልጅ ይጎድላል።

ዓመቱም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ልጅ እቤት ስለሚውል አዳራሹ ይሞላል። መስከረም ሲጠባ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ይመጣል፤ ከቤተሰብ በጀት ቀድሞ የሚሰረዘው ያው ቴኳንዶ ነው። ሰኔ ፈተና ነው። በዐቢይ ጾምና በረመዳን ሙሉ ቀን ሳይበላ የዋለን ልጅ እንደ አዘቦቱ ዝለል አትለውም። አቃቂ ደግሞ የፋብሪካ አገር ነው፤ ጨርቃ ጨርቁም፣ ብረታ ብረቱም በሺፍት ነው የሚሠራው። ትልልቆቹ ሠልጣኞች አንድ ሳምንት ይመጣሉ፣ በቀጣዩ ሳምንት የማታ ተረኛ ናቸው። ለሁሉም የሚመች አንድ ሰዓት የለም።

ይሄ በደህናው ዓመት ነው። ደህና ያልሆኑትንም አይተናል። መጋቢት 7 ቀን 2012 መንግሥት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶችንና ስፖርታዊ ዝግጅቶችን ሲዘጋ የተባለው ለ15 ቀን ነበር። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ፊት ለፊት ቆሞ መተንፈስ ራሱ አደጋ በሆነበት ወቅት እጅ ለእጅ የሚያያይዝ ስፖርት ምን ይሁን? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ዶቦኩ፣ የደረት መከላከያው፣ ወለል ላይ የሚነጠፈው ማት አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ስሙ ራሱ እንደሚለው ለመኖሪያ ቤት ነው። ማስተሩ የሚተኛበትን ቤት ይከላከልለት ይሆናል፤ የሚያስተምርበትን አዳራሽ ግን አይመለከትም።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሃል የሚተርፍ ማስተር ምን ዓይነት ጭንቅላት ያለው ነው? ከታዘብኩት ተነስቼ እንዲህ እላለሁ፦ ማነስን የሚችል። ከ60 ተማሪ ወደ 15፣ ከራስ አዳራሽ ወደ ሰው አዳራሽ ሲወርድ «አለቀልኝ» የማይል፣ ሲያንስ ግን የሚያስተምረውን የማያረክስ። ስፖርቱ ራሱ ሰውን ለዚህ አያዘጋጅም። ቀበቶው ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ እያለ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው። ወደ ታች እንዴት እንደሚወረድ የሚያስተምር ቀበቶ የለም።

የሚገርመው፣ ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸውን ትልልቅ ትምህርት ቤቶች የመሠረቱት ሰዎች ይሄን በደንብ የኖሩት መሆናቸው ነው። ጂጎሮ ካኖን እንውሰድ፣ የጁዶን አባት። በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካና ኢኮኖሚ አጥንቶ የወጣ ልጅ ነበር (የሙያ ባልደረባዬ ነው ብል ድፍረት ይሆናል)። እ.ኤ.አ. በ1882 በ21 ዓመቱ ኮዶካንን ሲከፍት አዳራሹ ኤይሾጂ የሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ ያለ፣ 12 ታታሚ የሚነጠፍበት ክፍል ነበር። 20 ካሬ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፤ አንድ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም በሉት። በመጀመሪያው ዓመት የነበሩት ተማሪዎች ዘጠኝ ናቸው። ልጆቹ ሲወድቁ ሕንፃው ይንቀጠቀጣል፣ ወለሉ ይሰበራል፤ ካኖ ማታ ፋኖስ ይዞ ወለሉ ሥር እየገባ ራሱ ይጠግን ነበር ይባላል። ከተማሪዎቹ ክፍያ አይወስድም። የሚኖረው በመምህርነት ደሞዙ ነው፤ ሲቸግረውም ማታ ማታ መጽሐፍ ይተረጉም ነበር።

የካራቴው ጊቺን ፉናኮሺ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በኦኪናዋ ደሴት ለረጅም ዓመታት አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ቶኪዮ ሲገባ ዕድሜው ከ50 አልፏል። ያረፈው ሜይሴይ ጁኩ በሚባል የኦኪናዋ ተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ቀን ተማሪዎቹ ትምህርት ላይ ሲሆኑ ግቢውን ይጠርጋል፣ ክፍሎቹን ያጸዳል፤ ማታ ካራቴ ያስተምራል። የማደሪያውን ምግብ አብሳይ ካራቴ እያስተማረ በምግብ ዋጋ ላይ ቅናሽ ያገኝ ነበር። በዓመቱ ታላቁ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮን አወደማት፤ ከተማሪዎቹም የሞቱ ነበሩ። በኋላ ማደሪያው ለእድሳት ሲፈለግ ናካያማ ሃኩዶ የሚባል ታዋቂ የሰይፍ መምህር የራሱን አዳራሽ፣ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት፣ እንዲጠቀምበት ፈቀደለት። ፉናኮሺ ስሙን የያዘ የራሱ አዳራሽ፣ ሾቶካን የተባለው፣ የተሠራለት ብዙ ቆይቶ በስተርጅና ነው። እሱም እ.ኤ.አ. በ1945 በአየር ድብደባ ተቃጠለ። 76 ዓመቱ ነበር።

ዛሬ ሾቶካን በዓለም ላይ በጣም ከተስፋፉት የካራቴ ስልቶች አንዱ ነው። ስሙ መጀመሪያ የአንድ ሕንፃ ስም ነበር፤ ሕንፃው የቆየው ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። ፉናኮሺ የያዘው ሰዓቱን ነው፦ ማታ፣ የትም ይሁን የት፣ ክፍል አለ። የሰውዬው ኩራት ወለል መጥረጉን አልከለከለውም። እኛ ጋ ግን አዳራሹን የተነጠቀ ማስተር ቀድሞ የሚያስበው «ሰው ምን ይለኛል?» ነው። በርግጥ በሰፈራችን ማስተር ማለት ትልቅ ስም ነው፤ ልጆች መንገድ ላይ አጎንብሰው ሰላም ይሉታል። በዚህ ስም የሌላ ሰው ጂም ሄዶ «ከኤሮቢክሱ በኋላ አንድ ሰዓት ስጡኝ» ማለት ከብዷቸው ጨርሶ የተዉ አሉ። ስልጠና ቢያሸንፋቸው አይቆጨኝም ነበር፤ ያሸነፋቸው ይሉኝታ ነው።

ሁለተኛ ሥራ መሥራትም ያው ነው። ቀን የሆነ ድርጅት ተቀጥሮ፣ ወይ ባጃጅ እየነዳ፣ ማታ የሚያስተምር ሰው «ሙሉ ማስተር አይደለም» የሚል ሹክሹክታ አለ። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው። ኪራዩን በተማሪ ክፍያ ብቻ የሚከፍል ሰው አንድ ቀን ቀበቶ መሸጥ ይጀምራል። የቀበቶ ፈተና ክፍያ አለው፤ 30 ልጅ ካስፈተንክ የአንድ ወር ኪራይ ወጣ። ስለዚህ ያልበሰለው ልጅ ይፈተናል፣ የተፈተነው ሁሉ ያልፋል፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ይደገማል። ወላጅ ደስ ይለዋል፤ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይወጣል። በሁለት ዓመት ውስጥ ቀይ ቀበቶ ታጥቆ ሚዛኑን ጠብቆ መርገጥ የማይችል ልጅ ይፈጠራል። ልጁ ደግሞ ሞኝ አይደለም፣ ከሌላ ክለብ ልጅ ጋር ሲገጥም ያውቀዋል፤ ያን ቀን ነው የሚቀረው። ካኖ እ.ኤ.አ. በ1883 የመጀመሪያዎቹን የዳን ማዕረጎች የሰጠው ለሁለት ተማሪዎች ብቻ ነው። የትርጉም ሥራው ባይኖረው ኖሮ እንዲህ መቆጠብ ይችል ነበር ወይ ብዬ አስባለሁ።

ሌላ ገንዘብ የሚያስወጣ ሐቀኝነትም አለ። ቴኳንዶ ዓለም ላይ በሁለት ትልልቅ ቤቶች የተከፈለ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው ኢንተርናሽናል ቴኳንዶና በ1973 የተመሠረተው ወርልድ ቴኳንዶ። ሁለቱም እዚህ አገር አሉ። ከ2000ው የሲድኒ ጨዋታዎች ጀምሮ በኦሊምፒክ መደበኛ ውድድር የሆነው የወርልድ ቴኳንዶ ሕግ ነው። የኛው ሰለሞን ቱፋ ከ58 ኪሎ በታች ቶኪዮ ላይ የገባው በዚሁ በኩል ነው፤ ሐምሌ 2013፣ በኦሊምፒክ ቴኳንዶ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። ከዚያ በኋላ ልጃቸውን ይዘው የሚመጡ ወላጆች አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «ማስተር፣ ልጄ ኦሊምፒክ ይገባል?» የሚያስተምረው ኢንተርናሽናሉን ከሆነ እውነተኛው መልስ «በዚህ መንገድ አይገባም፣ ሌላ የሚጠቅመው ነገር ግን አለ» ነው። ይሄን መልስ የሰማ ወላጅ አመስግኖ ወጥቶ ላይመለስ ይችላል። 500 ብር ሄደ ማለት ነው። መዋሸት ደግሞ ቀላል ነው፣ ውሸቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነውና።

መክፈል ያልቻሉት ልጆችስ? ማንኛውም አዳራሽ ውስጥ አምስት ስድስት አሉ። «በነፃ ይማሩ» ማለት ደግነት ነው፣ ግን ልጁ ነፃ መሆኑን ያውቃል፤ ሌሎቹም ያውቃሉ፤ ቀስ ብሎ ከኋላ መስመር ይቆማል፣ ከዚያ ይቀራል። «የማይከፍሉት ይጥረጉ» የሚለው ደግሞ ይብሳል፣ መጥረጊያው የድህነት ምልክት ይሆናል። የሰፈራችን አንድ ማስተር መላ አለው፦ ማት የሚያነጥፈውም ወለል የሚጠርገውም ሁሉም ነው፣ በተራ፣ ጥቁር ቀበቶውም ጭምር። የወር ክፍያውን ደግሞ ልጅ ይዞ አይመጣም፤ ወላጅ በቴሌብር ይልካል። ማን እንደከፈለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ቴሌብር ለዚህ ይጠቅማል ብሎ ያሰበ መሐንዲስ ያለ አይመስለኝም።

ይሄው ማስተር አዳራሹን ለቋል። አከራዩ የጠየቀውን ኪራይ ነገረኝና ኢኮኖሚክስ ተምረሽ የለ፣ እስቲ አስዪው አለኝ። አሰላሁት፤ አይሆንም። አሁን በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ተኩል ያስተምራል። 14 ልጆች ተከትለውታል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት መጥተው፣ ቦታውም ሰዓቱም ከቀነሰ ክፍያው ለምን አይቀንስም ሲሉ ጠየቁት። ክፍያው እንደማይቀንስ፣ ልጃቸው በዚህ ዙር ለቀበቶ እንደማይፈተንም ጨምሮ ነገራቸው። እናትየው ዝም ብለው ቆዩና ጫማቸውን አውልቀው ግድግዳው ሥር ተቀመጡ፣ ክፍሉን ሊያዩ። እሱ ማቱን ከባጃጅ እያወረደ ነበር፤ በአንድ ዙር አይበቃም፣ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል።