ያውቁ ኖሯል? ለአንድ ስፒከር ሁለት አምፕሊፋየር

አንዳንድ ትልልቅ ስፒከሮች ከጀርባቸው ሁለት ጥንድ የሽቦ ማሰሪያ አላቸው፤ አንዱ ለቀጭኑ ድምፅ፣ ሌላው ለቤዙ። ጥንዶቹን የሚያገናኟቸው አጫጭር ጠፍጣፋ ብረቶች ናቸው።

ባለ 7.1 የቤት ቴአትር ሪሲቨር ገዝቶ 5 ስፒከር ብቻ የሚጠቀም ሰው፣ ሥራ ፈት የሆኑትን ሁለት የኋላ ቻናሎች ሪሲቨሩ ከፈቀደ ከሜኑው «ባይ-አምፕ» የሚለውን መርጦ ለፊት ስፒከሮች ሊመድባቸው ይችላል፤ ያኔ እያንዳንዱ ጥንድ ማሰሪያ የራሱን አምፕሊፋየር ያገኛል።

መጀመሪያ ግን ብረቶቹ ይነቀሉ! ከተረሱ የሁለቱ አምፕሊፋየሮች መውጫ እርስ በርሱ ይገናኝና ሪሲቨሩ ሊቃጠል ይችላል።

ጥቅሙ ብዙዎች የሚጠብቁትን ያህል አይደለም። ሁሉም ቻናሎች ኃይል የሚያገኙት ከዚያው ከአንዱ ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ድምፁን የሚከፋፍለው ክሮስኦቨርም ስፒከሩ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ኃይሉ በእርግጥ እጥፍ ቢሆን እንኳ ጭማሪው 3 ዴሲቤል ገደማ ነው። ትርፍ ቻናል ያለው ይሞክረው፤ ለዚህ ሲባል ብቻ አዲስ ሪሲቨር መግዛት ግን አያዋጣም።