ወቀሳ ለምን ትልቁን ደጅ ያንኳኳል?

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚወርደው 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሲሪንቃን፣ መርሳንና ውርጌሳን አቋርጦ በውጫሌና በሐይቅ በኩል ያልፋል። በዚህ መንገድ ላይ የተሳፈረ ሰው ሃይማኖቱን ሳይለውጥ፣ በግማሽ ቀን ውስጥ ከብዙኃኑ ወገን ወደ አናሳው፣ ወይም ከአናሳው ወደ ብዙኃኑ ይሻገራል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከሰሜን ወሎ ዞን ነዋሪ 83 በመቶ ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 17 በመቶ ያህሉ ሙስሊም ነበር። በአጎራባቹ ደቡብ ወሎ ቁጥሩ ይገለበጣል፤ ከመቶው 71 ያህሉ ሙስሊም፣ 29 ያህሉ ኦርቶዶክስ ሆኖ ተቆጥሯል። የሀብሩ ወረዳ ሁለቱ የሚገናኙበት ምድር ነው። ጾሙም ሶላቱም፣ ታቦቱም መስጊዱም ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ያው ነው፤ የሚለዋወጠው የማን ደንብ የአገሩ ደንብ ሆኖ እንደሚያድር ብቻ ነው። በብዙኃኑ ሃይማኖት ላይ የአደባባይ ወቀሳ ለምን ይበዛል ለሚለው ጥያቄ የምሰጠው መልስም ከዚሁ ይነሣል። የወቀሳው ብዛት የሃይማኖቱን ጥፋት ወይም የወቃሹን ጥላቻ ከመናገሩ በፊት፣ ደንቡ ከራሱ ምእመን አልፎ የስንት ሰው ኑሮ ውስጥ እንደሚገባ ይናገራል።

ነገሩን ከገበያ ብንጀምረው ይቀላል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ወልድያ ላይ ሁዳዴ ሲገባ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ ምግብ ቤቱ በሽሮና በአትክልት ይውላል፣ የወተት፣ የቅቤና የእንቁላል ፈላጊ ይቀንሳል። እንቁላል ሰብስባ መርሳ ገበያ የምታወጣ ሙስሊም ሴት ጾሙ የእሷ አይደለም፤ ዋጋው ግን በእሷም ላይ ይወርዳል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ሙስሊሙ ጎረቤት ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምስ ይውላል፤ የከተማው የምሳ ሰዓት ግን አይነቃነቅም፣ የመሥሪያ ቤቱ መግቢያና መውጫም ያው ነው። ከባዱ ጾም የቱ ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሌላውን ሰው የሚነካው የቱ ነው ካልን ግን መልሱ ግልጽ ነው። በዓላትም እንዲሁ ናቸው። ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ይከበራል፤ በሬ የማይጠመድባቸው ቀናት ከዚህም ይበዛሉ። የግብርና ሰዎች ሥራ ተፈታ፣ እርሻ ዘገየ እያሉ ለብዙ ዘመን ሲያጉረመርሙ የኖሩት በእነዚህ ቀናት ላይ ነው። ይህን የሚሉት ከሌላው ይልቅ ክርስትናን ስለጠሉ አይደለም። አብዛኛው ገበሬ ሞፈሩን የሚሰቅለው በእነዚህ ቀናት ስለሆነ ነው።

ደንቡ ከገበያ አልፎ ወደ መንግሥት ሲገባ ወቀሳውም አብሮ ያድጋል። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጎ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የእምነቷ ተከታይ መሆን ነበረበት፤ ከእስልምና በዓላት አንድም በመንግሥት የበዓል ቀን መቁጠሪያ ላይ አልነበረም። ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ የሚለው አባባል ቃል በቃል ልክ መሆኑን የታሪክ ሰዎች ቢጠራጠሩም፣ አራሹ ካህኑን ከግብር ተቀባዮች ጎን ቆሞ ያየው እንደነበር ያስረዳል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ትዝታ አለ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ ኢማም አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ እንደ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ያሉት ደግሞ እንቢ ብለው ተዋጉ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ ስለ ቤተ ክርስቲያን የተናገረው ለምን እንዲያ መራራ እንደነበረ አይደንቀውም። የወሎው ልጅ ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ለመታየት መቀበል ግድ ሆነዋል ካላቸው ነገሮች መካከል ከቋንቋና ከአለባበስ ጋር የኦርቶዶክስ ክርስትናን ቆጠረ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች የእምነት እኩልነት ጠይቀው በብዙ ሺሕ ሆነው ሲወጡ፣ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰልፈው ነበር። ክርስቲያኖቹ የተሰለፉት እምነታቸውን ሊክዱ አልነበረም። ሲጠይቁ የነበሩት እምነታቸው ከመንግሥት ወንበር እንዲነሣ ነበር።

እነዚያ ሰልፈኞች ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ያስታውሱናል። ብዙኃኑን ሃይማኖት አዘውትረው የሚወቅሱት የገዛ ልጆቹ ናቸው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ ለንጉሥ አንሰግድም ብለው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሲሰቃዩ፣ መነኮሳት እንጂ ባዕዳን አልነበሩም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የካህናትንና የባላባቶችን ኑሮ አደባባይ ላይ ያሰጣው፣ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም አድባራት የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰሙ ሰው ስለሆኑ ነው፤ የተሳለውን ልጅ ከደብር የማሰሩን ነገር ከውስጥ ያውቁታል። በ1966ቱ ማዕበል ካህናት ራሳቸው የደመወዝ ማነስን ይዘው ጮኸዋል። በቅርቡም ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ምእመኑ በቋንቋው አልተገለገለም ብለው በራሳቸው ሥልጣን 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሲሾሙ፣ ሲኖዶሱ አውግዞ በየካቲት 8ቱ ስምምነት እስኪታረቅ ድረስ አገር የተናወጠው በቤተ ክርስቲያኒቱ የውስጥ ክርክር ነበር። ወቀሳው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። የመጣው ግን ከመቅደሱ ውስጥ ነው።

በእስልምናም ወገን ያለው ታሪክ ይህንኑ ያጠናክራል። በወሎ ስለ ዘየራ፣ ስለ መንዙማ፣ በየጁ ምድር እንዳለው እንደ ዳና ስላሉ የሼሆች ቦታዎች ጠንካራውን ቃል የሚናገሩት ክርስቲያኖች አይደሉም። ቢድዓ፣ ማለትም በሃይማኖቱ ያልነበረ ፈጠራ ነው ብለው የሚሞግቱት ሙስሊም ዳዒዎች ናቸው፤ መልስ የሚሰጡትም ሙስሊም ሼሆች ናቸው። በ2004 ዓ.ም. «ድምፃችን ይሰማ» ብሎ የተነሣው እንቅስቃሴም ጣቱን የቀሰረው በመንግሥትና በራሱ መጅሊስ ላይ ነበር፤ መሪዎቻችንን እንምረጥ፣ የማንፈልገው አስተምህሮ አይጫንብን ነበር ጥያቄው። ሰው የሚወቅሰው በራሱ ላይ ያለውን ጣሪያ ነው። ለመውቀስ ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ወልድያ ተወልዶ ያደገ ክርስቲያን ጸሐፊ አለቃው እንዴት እንደሚሾም፣ ሙዳየ ምጽዋቱ እንዴት እንደሚቆጠር፣ የትኛው ገድል እንደሚያከራክር ከልጅነቱ ሰምቷል። የመስጊዱ ኢማም እንዴት እንደሚመረጥ ግን የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። ደፍሮ ቢጽፍ እንኳ ከወሬ የዘለለ አይጽፍም። የብዙኃኑ ሃይማኖት ተከታይ ብዙ ስለሆነ፣ ከተከታዮቹ መካከል የሚወጣው ተማሪ፣ ጋዜጠኛና ደራሲም ይበዛል፤ ወቃሹም በዚያው ልክ ይበዛል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። አናሳው ሃይማኖት አልተነካም ማለት የታሪክን በደል መካድ አይሆንም ወይ? ቤተ እስራኤል ርስት ተከልክለው ቡዳ ሲባሉ አልኖሩም ወይ? በዘመነ መሳፍንት ጎንደር ላይ የበላይ የነበሩት የየጁ መሳፍንት ክርስቲያን ሆነው ሳለ፣ ተቀናቃኞቻቸው የሙስሊም ዘራቸውን እየመዘዙ አላጥላሏቸውም ወይ? ከላይ የተነሡት የራስ ሚካኤል ልጅ የሆነው ልጅ ኢያሱስ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰለመ ተብሎ ከሥልጣን አልወረደም ወይ? ማስረጃው እስከ ዛሬ የሚያከራክረው ያ ክስ ለአልጋ ሽሚያ እንዴት እንዳገለገለ ወሎ በሰገሌ ጦርነት በደሙ አይቶታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ወቀሳ ከምንለው ነገር የተለየ ነው። ወቀሳ አንድ የታወቀ ሥራን ወይም ደንብን ይዞ ይህ ይስተካከል ይላል፣ መልስም ይጠብቃል። ስም ማጥፋት ሰውየውን ራሱን ጥፋት ያደርገዋል። ቡዳ ለተባለ ሰው ማስተካከል የሚችለው ምን አለ? ለዚህ ነው ታሪካችን ውስጥ ብዙኃኑ ሃይማኖት ሲወቀስ፣ አናሳው ደግሞ ሲታማና ሲሰደብ የምናገኘው። ሐሜቱ በየቡና ስኒው ይሰማል እንጂ በመጽሔት አይወጣም። ስለዚህ የታተመውን ብቻ የሚቆጥር ሰው አናሳው ተከብሮ የኖረ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከብዙኃኑ ምእመን የሚመጣ ነው፤ በቁም ነገር ሊሰማም ይገባዋል። ለምን እኛን ብቻ? ይላል። መንግሥትና ሃይማኖት ከተለያዩ ቆይተዋል፣ የገጠር መሬት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ተወርሷል፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 የመንግሥት ሃይማኖት የለም ብሏል። በ1999ኙ ቆጠራ የኦርቶዶክስ ምእመን በአገር ደረጃ 43.5 በመቶ ነው፤ ከማንኛውም ሃይማኖት ይበልጣል እንጂ ከግማሽ በላይ አይደለም። በዚህ ላይ መከራው አለ። ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ የሚካኤል ታቦት በሚሸኝበት ቀን ወልድያ ላይ የጸጥታ ኃይሎች ተኩሰው ቢያንስ 7 ሰዎች ሞቱ፤ በቀጣዮቹ ቀናት ቁጣው ወደ ቆቦና ወደ መርሳ ተዛምቶ ሌላ ሕይወት አለፈ። ለቅሶ ላይ የተቀመጠን ሰው አንተ የብዙኃን ወገን ነህና ወቀሳውን ቻል ማለት ጭካኔ ነው። የድሮው ሥርዓት ከፈረሰ በኋላም በሥርዓቱ ልክ የተሰፋ ወቀሳ ዛሬም በሌለ አካል ላይ እየተወረወረ መሆኑን አምናለሁ፤ የአንድ ገጠር ደብር ደሀ ቄስ የሲሶ መሬት ጌታ አይደለም። ዳሩ ግን ያ የወልድያ ቀን ራሱ ሌላም ነገር ያሳያል። ወጣቱ የፖለቲካ ብሶቱን የዘፈነው ከታቦቱ ጋር በወጣበት አደባባይ ነው፤ ከዚያ የሚሰፋ አደባባይ ስላልነበረው ነው። የብዙኃኑ ሃይማኖት ሕጋዊ ሥልጣኑን ቢያጣም፣ አደባባዩ በእጁ ቀርቷል። አደባባይ ያለው ደግሞ የሁሉም ሰው ብሶት ይመጣበታል።

የብዙኃኑን እምነት የሚወቅስ ሁሉ ለአናሳው የሚያደላ ጠላት ነው የሚለውም ሚዛን አይደፋም። በፈረንሳይ የካቶሊክ ካህናትን እድሜ ልኩን ሲነቅፍ የኖረው ቮልቴር፣ ቱሉዝ ላይ በሐሰት ተከሶ እ.ኤ.አ. በ1762 ለተገደለው ፕሮቴስታንት ነጋዴ ለዣን ካላ ሲሟገት፣ የካላን እምነት ተቀብሎ አልነበረም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ፍርዱ እንዲሻር ሲያደርግ የጠቀመው ለካቶሊኮችም ጭምር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን በብዙኃኑ ላይ የሚበዛው ወቀሳ አይደለም፤ በአናሳው ዙሪያ ያለው ዝምታ ነው። ዝምታው ሁልጊዜ ከአክብሮት አይመጣም። አንዳንዱ ከባለማወቅ፣ አንዳንዱ ነገሩ እሳት ይጭራል ከሚል ፍርሃት፣ አንዳንዱም የእኛ ጉዳይ አይደለም ከሚል ርቀት ይመጣል። ፍርሃቱ መሠረት እንዳለው ማንም ያውቃል፤ ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ሲቃጠሉ አይተናልና፣ ስለ ሙስሊሞች የሚጻፍ ቃል ለክብሪት እንዳይውል መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ቢሆንም ዝምታው ዋጋ የሚያስከፍለው ሰው አለ። በሕጋችን የሸሪዓ ፍርድ ቤት የጋብቻና የውርስ ጉዳይ የሚያየው ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ ነው። ሀብሩ ውስጥ ባሏ ፈቷት ድርሻዋን የምትጠይቅ ሴት ስምምነቷ በእርግጥ የራሷ ነበር ወይ? ወይስ ወንድሞቿና ጎረቤቶቿ አንገቷን ያስደፏት ነው? እዚያው ወረዳ ያለችው ክርስቲያን እኅቷ ያለ ዕድሜዋ ስትዳር ጉዳዩ በየመድረኩ ይነሣል፤ ካህኑ ለምን ባረከ ተብሎ ይጠየቃል፣ ጋዜጠኛም ይመጣል። የመጀመሪያይቱን ሴት ጉዳይ ለመጠየቅ የሚቀርበው፣ ቤቱንና ቋንቋውን የሚያውቀው፣ ሲናገርም የጠላት ድምፅ የማይመስለው ሰው ከዚያው ከመስጊዱ ግቢ መውጣት ይኖርበታል። እንዲህ ያሉ ሙስሊም ሴቶችና ዑለማ የሉም አልልም፤ አሉ። የሚናገሩበትን ገጽ ግን የእኛ መጽሔቶች ገና አልከፈቱላቸውም።