በአዲስ አበባ የሚሸጥ ቤት ዋጋው እንዴት እንደሚታወቅ

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤታችን፣ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ፣ ጉለሌ ያለውን ቤታቸውን ሸጠው ከልጆቻቸው ጋር ለመካፈል አሰቡ። ቤቱ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ከጓሮው ሁለት የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎች አሉት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ዋጋ ሰሙ። ንብረት የሚገምቱ አንድ መሐንዲስ የነገሯቸው ደላላው ከነገራቸው አንድ አምስተኛውን እንኳ አይሞላም፤ የእኅታቸው ልጅ የጠራላቸው ደግሞ የደላላውን እጥፍ ነበር። እኔ ኢኮኖሚክስ እንደምማር ያውቁ ስለ ነበር፣ «ልጄ፣ እንዲያው ቤቴ እውነት ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ወዲያው ልመልስላቸው አልቻልሁም።

ነገሩን ስመረምር ከሦስቱ አንዱም እንዳልዋሸ ተረዳሁ። ሦስቱም በአንድ «ቤት» በሚል ስም ልዩ ልዩ ነገር ይተምኑ ነበር።

መሐንዲሱ የተመኑት ግንቡን ነው፤ ይኸውም ቤቱ ዛሬ እንደ አዲስ ቢሠራ ለእንጨቱ፣ ለሚስማሩ፣ ለቆርቆሮውና ለሠራተኛው የሚወጣውን ገንዘብ አስልተው፣ ስለ እርጅናው ቀንሰው ነው። መሬቱ በዚህ ሒሳብ አይገባም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ ሁሉ የመንግሥት አድርጓል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነና እንደማይሸጥ ደንግጓል። ስለዚህ በሕግ ዓይን ሻጭ የሚሸጠው በመሬቱ ላይ ያቆመውን ብቻ ነው። መንግሥት ቦታ ለልማት ሲወስድ የሚከፍለውን ካሣ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም የንብረት ካሣን ያሰላው በመተኪያው ወጪ ነው።

ደላላው የተመነው ግን ቦታውን ነው። ገዢው ውሉ በተፈረመ ማግሥት የጭቃውን ቤት አፍርሶ ፎቅ ሊያቆም ስለሚችል፣ ግድግዳው ለእርሱ ዋጋ የሌለው፣ ይልቁንም የማፍረሻ ወጪ የሚጠይቅ ነው። በውሉ ላይ «ቤት» ተብሎ ይጻፋል፤ ክርክሩ ግን በካሬ ሜትር ነው። ይህ ሁላችንም የምናውቀውና ማንም በወረቀት የማይጽፈው ነገር ነው።

እንዲህ ከሆነ ሻጩ አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው ግንቡን ሳይሆን ካርታውን ነው። የጎረቤታችን ካርታ 210 ካሬ ሜትር ይላል። አጥሩ ያቀፈው ግን፣ ከልጃቸው ጋር በሜትር ስንለካው፣ 238 ሆነ። ደላላው የቆጠረው አጥሩን ነበር። ጠንቃቃ ገዢ 28ቱን ካሬ እንደማይከፍል የታወቀ ነው፤ ይህም ብቻውን ከተጠራው ዋጋ ከመቶ 12 ያህሉን ያነሣል። ቀጥሎም ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ የሚለው ይመጣል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ ሥሪት እንዲይዘው ደነገገ። ስለሆነም ገዢው በሊዝ የሚጠየቀውን ከሚያቀርበው ዋጋ ላይ አስቀድሞ ይቀንሳል። አስቀድሞ በሊዝ የተያዘ ቦታ ከሆነም ያልተከፈለው ቀሪ ሒሳብና የቀሩት ዓመታት ይቆጠራሉ።

የከተማው ፕላንም ሳይጠየቅ መቅረት የለበትም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር ብዙ ሰው እንዳየው፣ መንገድ የሚያልፍበት ግቢ የቦታ ዋጋው ይጠፋል፤ እንዲህ ያለውን ቤት የሚገዛ ሰው የሚገዛው ካሣውን ነው፤ ዋጋውም ወደ መሐንዲሱ ግምት ይወርዳል።

የእኅታቸው ልጅ ዋጋ ከየት መጣ? ቦሌ አንድ ጓደኛው ለቤቱ «ይህን ያህል እፈልጋለሁ» ያለውን ሰምቶ ነው። ቦሌና ጉለሌ አንድ አለመሆናቸው ቀርቶ፣ የተጠየቀና የተከፈለ ዋጋም አንድ አይደለም። በጎረቤት ሽያጭ ማመዛዘን ከሁሉ የተሻለ መንገድ ቢሆንም፣ በእኛ ከተማ እጅግ አስቸጋሪው ይህ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲሆን ያዛል። የቴምብር ቀረጥ ደግሞ በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከዋጋው ከመቶ 2 እንዲሆን ተወስኗል። ቀረጡ ዋጋውን ተከትሎ ስለሚሰላ ሻጭና ገዢ በውሉ ላይ አሳንሰው የመጻፍ ልማድ አላቸው። እንግዲህ መዝገቡ ሞልቶ እውነተኛው ዋጋ በውስጡ የለም። አብርሃም የመክፌላን ዋሻ ሲገዛ 400 ሰቅል ብሩን በከተማው በር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ መዝኖ ከፈለ፤ የኬብሮን ሰው የጎረቤቱን ቦታ ዋጋ ከእኛ ይልቅ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

የሚቀረው በእድርና በቤተ ዘመድ በኩል ገንዘቡን በእርግጥ የተቀበሉትን ሰዎች መጠየቅ ነው። ሲጠየቁም ቀኑ አይረሳ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊትና በኋላ የተሸጡ ሁለት ቤቶችን በብር ቁጥር ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል።

በኪራይም ማመሳከር ይቻላል፤ የዓመቱ ኪራይ በዋጋው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ መቁጠር ነው። የጎረቤታችንን ብንቆጥረው ደላላው የጠራውን ለመመለስ ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ያስፈልጋል። ይህ ግን ደላላውን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ የሚያሳየው ገዢዎች ኪራዩን ሳይሆን ብር የማይሸረሸርበትን ማስቀመጫ እንደሚፈልጉ ነው።

በመጨረሻ ያገኘነው ዋጋ በሦስት የሰፈሩ ሽያጮች ላይ የቆመ ሲሆን፣ ከደላላው አነስ፣ ከመሐንዲሱ ግን በብዙ እጅ የሚበልጥ ነው። እርሱም ቢሆን የሚገኘው ፊርማው ሲሟላ ነው፤ በጋብቻ ከተፈራው ቤት ግማሹ የወይዘሮዋ፣ ግማሹ የሟች ስለ ሆነ፣ የሟች ድርሻ ወራሾች ሁሉ ካልፈረሙ ገዢው ገንዘቡን አያወጣም። ከአራቱ ልጆች አንዱ በውጭ አገር ነው። ውክልናው እስኪመጣ ድረስ ሰርቪሶቹ እንደ ተከራዩ ናቸው።